አገር ሲለወጥ ሽንኩርቱም ይለወጣል
የቁሌት አሠራር በአዲሱ ወጥ ቤታችን



በሐዴራ ከተማ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ሥራዬ ወደ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ቤት ስሄድ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኡልፓንና ስለ ልጆች ትምህርት ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ እናቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያነሡት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም «ወጤ እንደ አገሬ አልሆን አለኝ» የሚል ነው። በርበሬው ከጎንደር በሻንጣ የመጣ፣ ዶሮውም በደንብ የታጠበ ሆኖ ሳለ ወጡ ይቀጥናል። እንጀራው ላይ ሲወጣ ውሃው ለብቻው ይሸሻል፣ ሽንኩርቱ ለብቻው ይቀራል። ባለቤቲቱም «እጄ ጠፋ» ብላ ራሷን ትወቅሳለች።

እጃችሁ አልጠፋም። የተለወጠው ሌላ ነው። ሽንኩርቱ፣ ድስቱ፣ እሳቱና ቅቤው አራቱም በአንድ ጊዜ ተለውጠውባችኋል። ከነዚህ ሁሉ የወጡን መሠረት የሚይዘው ሽንኩርቱ ስለሆነ፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቁሌት ነው። ቁሌት ከተስተካከለ ሌላው ይከተላል።

ገበያ ስትወጡ ስሙን እወቁ

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። እኛ ቀይ ሽንኩርት የምንለው በዕብራይስጥ «ባጻል» ይባላል። ቃሉ ለጆሯችን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በግዕዝ «በጸል»፣ በዐረብኛም «በሰል» ይባላል። ግዕዝ የሚያውቁ ቄሶቻችንን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ቁጥር 5 ላይም አባቶቻችን ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ ሳሉ ከናፈቋቸው ነገሮች መካከል ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተጠቅሰዋል። አገሩን የለቀቀ ሰው የድስቱን ሽታ መናፈቁ እንግዲህ ከእኛ አልጀመረም።

አሁን የሚያሳስተውን ስሙ። እኛ ነጭ ሽንኩርት የምንለው በዕብራይስጥ «ሹም» ነው። ልጃችሁ ከአማርኛው ቃል በቃል ተርጉሞ «ባጻል ላቫን» ብሎ ቢጠይቅ፣ ባለ ሱቁ የሚሰጠው ልጣጩ ነጭ የሆነ ትልቅ ሽንኩርት ነው እንጂ ነጭ ሽንኩርት አይደለም። ለወጥ የምትፈልጉት «ባጻል ያቬሽ» ማለትም ደረቅ ሽንኩርት የሚባለውን፣ ቡናማ ልጣጭ ያለውን ነው። «ባጻል ሳጎል» ወይም «ባጻል አዶም» የሚባለው መልኩ ከኛው ቀይ ሽንኩርት ጋር ይመሳሰላል፤ እዚህ ግን ብዙውን ጊዜ በጥሬው ለሰላጣ ይበላል። ለወጥም ይሆናል። «ባጻል ያሮክ» ከነቅጠሉ የሚሸጠው ነው፤ ለቁሌት አይሆንም። «ሻሎት» የሚሉት ትንሹ ሽንኩርት የአበሻ ሽንኩርት የምንለው ወገን ነው፤ ነገር ግን እዚህ ውድ ስለሆነ ለአንድ ድስት ወጥ በሱ ብቻ ልሥራ ማለት የቤት ወጪን ያናጋል።

ስትመርጡ መካከለኛውን፣ ጠንካራውን፣ አንገቱ የደረቀውንና ያልበቀለውን ውሰዱ። ቤት ስታደርሱ ከፌስታሉ አውጥታችሁ ነፋስ በሚያገኘውና ጥላ ባለው ቦታ አስቀምጡት። ከድንች ጋር አንድ ላይ አታኑሩት፤ ሁለቱም ቶሎ ይበላሻሉ።

ምን ተለወጠ?

አንደኛ፣ ውሃው። ከ1 ኪሎ ተራ ሽንኩርት ውስጥ 900 ግራም ገደማ የሚሆነው ውሃ ነው። የአበሻ ሽንኩርት ግን ትንሽና ጠንካራ ሆኖ የሚይዘው ውሃ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይቁላላል። እዚህ 2 ኪሎ ሽንኩርት ከትፋችሁ ድስት ውስጥ ስትጨምሩ ሁለት ሊትር ሊደርስ ምንም ያህል ያልቀረው ውሃ እንደጨመራችሁ ቁጠሩት። ይህ ውሃ ሳይወጣ ዘይቱና በርበሬው ከገቡ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ወጡ የሚቀጥነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ ድስቱ። በአገራችን ወጥ ይሠራ የነበረው በሸክላ ድስት ነው። የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ እንደነበሩ፣ በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃም በዚሁ ሙያ ስሟ የተጠራ እንደሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ሙቀቱንም ቀስ ብሎ ይለቃል። እዚህ በርካሽ የሚሸጠው ስስ ድስት ግን መሐሉ ብቻ ይግላል፤ ዳሩ ሳይበስል ታችኛው ያርራል። ለዕቃ መግዣ የያዛችሁት ገንዘብ ካለ አንድ ታችው ወፍራም የሆነ ትልቅ ድስት ግዙበት። ሌሎቹ ዕቃዎች ቀስ ብለው ይደርሳሉ።

ሦስተኛ፣ እሳቱ። እንጨትና ከሰል ራሳቸው እየቀነሱ ይሄዳሉ። ጋዝ ግን ካልቀነሳችሁት እንደነደደ ይቆያል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ ካጠፋችሁትም በኋላ ለብዙ ደቂቃ ይግላል፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ትንሽ ቀደም ብላችሁ አጥፉት።

ከፍታውም ለውጥ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች እዚያ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐዴራ ግን በባሕር ዳር ያለች ከተማ ስለሆነች እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሽንኩርቱ እዚህ ቶሎ ይለሰልሳል። መለስለስ ግን መቁላላት አይደለም። በዓይናችሁ «በሰለ» ብላችሁ አትቸኩሉ።

አራተኛው ቅቤው ነው፤ ወደ እሱ ኋላ እንመለሳለን።

አሠራሩ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ያዙ። የሚቁላላ ሽንኩርት ወደ ሲሶው ወይም ከዚያ በታች ስለሚወርድ «በዛ» ብላችሁ አትቀንሱ።

ሽንኩርቱን ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙት፤ ዓይን የሚያቃጥለው ነገር ይቀንሳል። ቢላዋው የተሳለ ይሁን። የደነዘዘ ቢላዋ ሽንኩርቱን ጨፍልቆ እንባውን ያበዛዋል፣ እጅንም ይቆርጣል። ለሁለት ሰንጥቁት፣ ላጡት፣ ሥሩን ሳትቆርጡ አድቅቃችሁ ክተፉት፤ ሥሩ ሽንኩርቱ እንዳይበታተን ይይዘዋል። ክትፍታው እኩል ይሁን፤ ትልቁ ጥሬ ሳለ ትንሹ እንዳያርር ነው። በኤሌክትሪክ መፍጫ መፍጨት ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሽንኩርቱ ውሃውን በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ አንዳንዴም ይመራል። ከፈጫችሁት ውሃውን ለማድረቅ ተጨማሪ ጊዜ ስጡት።

ድስቱን ያለ ዘይት ጣዱ። ሽንኩርቱን ከቁንጥር ጨው ጋር ጨምሩ። ጨው ውሃውን ይስባል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ለመጀመሪያ 10 ደቂቃ ክደኑት፣ በየመሐሉ አማስሉት፤ ከዚያ ክዳኑን አንሡና እንፋሎቱ ይውጣ።

እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ምንም ውሃ አትጨምሩ። ብዙ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ «ፈላ፣ በሰለ» ብሎ ዘይቱን ያፈስሳል። ጆሯችሁን ስጡት። ውሃ እስካለ ድረስ ድምፁ ፍል ፍል የሚል ነው። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፤ ጭር ጭር ይላል። ሽንኩርቱም ከድስቱ ጋር መያያዝ ይጀምራል። ቁሌት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አሁን እሳቱን ቀንሱ። ሲይዝባችሁ አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ውሃ ብቻ ጠብ አድርጉና በማማሰያው ታቹን ፈቅፍቁት። የያዘው ቡናማ ነገር ወደ ሽንኩርቱ ይመለሳል፤ ጣዕሙ ያለው በሱ ውስጥ ነው። ውሃውን ሲመጥ ደግማችሁ ይያዝ፣ ደግማችሁ ጠብ አድርጉ። እንዲህ እያደረጋችሁ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቆዩ። በአጠቃላይ ከጣዳችሁበት ጊዜ ጀምሮ 1 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ እንደ ድስቱና እንደ እሳቱ ከዚያ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። በአንዳንድ የምግብ አሠራር መጻሕፍት «10 ደቂቃ» ተብሎ ብታዩ አትመኑት፤ በ10 ደቂቃ ውሃው እንኳ አይወጣም።

ሰዓት ብቻውን አይበቃም፤ መልኩን እዩ። ለአልጫ ከሆነ ሽንኩርቱ ለስልሶ መልክ ሳያወጣ አቁሙት። ለምስርና ለሽሮ ወርቅማ ሲሆን ይበቃል። ለዶሮ ወጥ ግን እንደ ጥቁር ማር ሆኖ፣ ክትፍታው በማማሰያ ሲነካ የሚፈርስ እስኪሆን ድረስ ጠብቁት።

ከዚህ በኋላ ዘይት ጨምሩ፤ ለ2 ኪሎ ሽንኩርት ከ4 እስከ 6 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ዘይቱ ከተዋሐደ በኋላ በርበሬውን ከጥቂት ውሃ ጋር አስገቡ። በርበሬ በደረቅና በጋለ ድስት ላይ ከተበተነ ያርራል፣ ይመራል፣ ቤቱንም በሳል ይሞላዋል። በቀስታ እሳት ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ሌላ 20 ደቂቃ አብስሉት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ቶሎ ስለሚያርሩ ከሽንኩርቱ ጋር አብረው አይጣዱም፤ ኋላ ይገባሉ። ቲማቲም የምትጨምሩ ከሆነም ቁሌቱ ካበቃ በኋላ ይሁን፤ የቲማቲም ኮምጣጣነት ሽንኩርቱ እንዳይለሰልስና መልክ እንዳያወጣ ያዘገየዋል። ዶሮው የሚገባው ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቁሌቱ ወዝ ሲያወጣ ነው።

ካረረስ? ታቹን አትፈቅፍቁ። ላይኛውን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቀጥሉ። ጥቁሩ ከተቀላቀለ መራራነቱን የሚያጠፋ ቅመም የለም።

ጣፋጩ ከየት ይመጣል?

ሽንኩርት በጥሬው የሚያቃጥል ሆኖ ሳለ ከተቁላላ በኋላ ለምን ይጣፍጣል? በሽንኩርት ውስጥ ስኳር አለ፤ በ100 ግራም 4 ግራም ያህል ነው። የሚያቃጥለው ነገር በሙቀት ሲጠፋና ውሃው ሲወጣ ይኸው ስኳር ይጎላል። ከዚያም ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው ስኳሩ ራሱ በሙቀት ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ካራሜል የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ስኳሩ በሽንኩርቱ ውስጥ ካለው የፕሮቲን ክፍል ጋር ተዋሕዶ አዲስ ጣዕምና አዲስ ሽታ ይፈጥራል፤ ይህን ሉዊ ካሚ ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1912 ጽፎበታል። ዳቦ ሲጋገርና ቡና ሲቆላ የሚሆነውም እንደዚሁ ነው። ሁለቱም ከ100 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲያገኙ ይፋጠናሉ። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ግን ሙቀቱ ከ100 አያልፍም። አያቶቻችን ይህን ሳይማሩ «ውሃው ይውጣ» ይሉ የነበረው ትክክል ነበር።

አንዳንድ የእስራኤል አሠራር መልኩን ለማፍጠን ስኳር ይጨምርበታል። እናንተ አትጨምሩ። ብዙዎቻችን ወደ እስራኤል ከመጣን በኋላ የስኳር በሽታ በማኅበረሰባችን እየበዛ እንደሄደ በሐኪሞች ተጠንቶ የታወቀ ነው። እዚሁ ሐዴራ «ጤና ብሪዩት» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲመሠረት የኢትዮጵያውያንን ጤና ለማሻሻል ብሎ ነው የተነሣው፤ ስሙም የአማርኛውን «ጤና» ከዕብራይስጡ «ብሪዩት» ጋር ያጣመረ ነው። በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ስኳር አይፈልግም፤ በደረቁ የተቁላላ ከሆነ ደግሞ ዘይቱም ያንሳል። ዘይቱን ከጠርሙሱ አታፍስሱ፣ በማንኪያ ለኩት።

ቅቤ የሌለበት ወጥ

አሁን ወደ አራተኛው ለውጥ እንምጣ። በእስራኤል የረቢዎች ሕግ መሠረት ዶሮ እንደ ሥጋ ስለሚቆጠር ከወተት ከሚገኝ ነገር ጋር አብሮ አይበስልም። በመሆኑም ዶሮ ወጥ ላይ ንጥር ቅቤ አይገባም። ብዙ እናቶች «እንግዲያማ ምን ጣዕም ይኖረዋል?» ይላሉ።

መልሱን በአገራችን አይታችሁታል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በጾም ወራት ቅቤ አይነኩም ነበር። ነገር ግን የምስር ወጣቸው የሚጣፍጥ ቤት ነበረ፣ ውሃ ውሃ የሚልም ቤት ነበረ። ልዩነቱ ቁሌቱ ነበር። ቅቤ ባለበት ቅቤው የሽንኩርቱን ጉድለት ይሸፍናል፤ ቅቤ በሌለበት ግን ሽንኩርቱ ራቁቱን ይቆማል። ስለዚህ እዚህ አገር ከአገራችን ይልቅ የበለጠ መቁላላት ያስፈልጋል እንጂ ያነሰ አይደለም።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በቅቤ ምትክ የዝይና የዶሮ ስብ ከሽንኩርት ጋር አቅልጠው ይጠቀሙ ነበር። የሞሮኮ አይሁዶች ከኩስኩስ ጋር የሚቀርብ በዘቢብ የጣፈጠ የተቁላላ ሽንኩርት አላቸው። በዚህ አገር በየቤቱ የሚበላው «መጀደራ» የሚባለው የሩዝና የምስር ምግብም ላዩ ላይ ቡናማ ሽንኩርት ካልኖረ አይሆንም። ጎረቤታችሁ ሽንኩርት ስታቁላሉ ካየች እንግዳ ነገር አያችሁባት ማለት አይደለም፤ የእናቷ ቤት ትዝ ይላታል።

ቅቤው ውስጥ ይገባ የነበረውን ኮረሪማና ኮሰረት በዘይት ውስጥ በጣም ቀስ ባለ እሳት ለ15 ደቂቃ አሙቁና አጥልሉት። የቅቤን ያህል አይሆንም፣ ነገር ግን ሽታውን ይመልሳል። ማርጋሪን ከገዛችሁ ማሸጊያው ላይ «ፓርቬ» የሚል መኖሩን አንብቡ፤ ወተት ያለበትም አለና።

ሌሎች ሁለት ነገሮች ጎረቤት ሊነግራችሁ ይችላል። አንደኛው፣ ሽንኩርት የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ በሥጋ ቢላዋ ከተከተፈ እንደ ሥጋ ይቆጠራል የሚል ነው። ስለዚህ ለሽንኩርት ብቻ የሚሆን አንድ ቢላዋና አንድ መክተፊያ ለይታችሁ ብትይዙ ትገላገላላችሁ። ሁለተኛው፣ የተላጠ ጥሬ ሽንኩርት ሳይቀላቀልበት ብቻውን ማደር የለበትም የሚል ልማድ ነው። ሁለቱም ከታልሙድ ጊዜ ጀምሮ የሚነገሩ ናቸው። በዝርዝሩ ላይ ጥያቄ ካላችሁ ቄሳችሁን ወይም የሰፈራችሁን ረቢ ጠይቁ።

ከዚህ የሚገኝ ጥቅምም አለ። በንጹሕ ፓርቬ ድስት፣ ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ የተሠራ ቁሌት ለሁለቱም ይሆናል። ሐሙስ ማታ 4 ኪሎ በሁለት ድስት አቁላሉ። ግማሹ ለዓርብ ዶሮ ይሁን፤ ግማሹን ሲበርድ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት አስገቡት። ለሁለት ለሦስት ወር ይቆያል። በፍሪጅ ብቻ ከሆነ ግን በሦስት በአራት ቀን ጨርሱት። ከሥራ ደክማችሁ በገባችሁበት ቀን ሽሮ ወይም ምስር በ20 ደቂቃ ይደርሳል።

ዓርብና ሰዓት

በኢትዮጵያ አባቶቻችን ለሰንበት እሳት አጥፍተው ቀዝቃዛ ምግብ ይበሉ ነበር። እዚህ ብዙ ቤት «ፕላታ» የሚባለውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሰንበት በፊት ይሰኩና ወጡን ላዩ ላይ ያቆዩታል። ልብ በሉ፣ በዲሴምበር ወር ሰንበት በሐዴራ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ነው፤ በዚህ አገር ሰዓት ከ4፡30 በፊት ማለት ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ሽንኩርት የምትጀምሩ ከሆነ እሳቱን ታበዛላችሁ፣ ወጡም ያርራል። ሐሙስ ማታ መጀመር ይህንን ይከላከላል።

ሽታውና ልጆቻችሁ

አሁን ከወጡ የሚከብደውን ላንሣ። ልጆች ከትምህርት ቤት መጥተው «እማዬ፣ ልብሴ ሽንኩርት ሸተተ፣ ልጆች ሳቁብኝ» ይላሉ። እናቲቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ መሥራት ትታ መኮሮኒ ትቀቅላለች። ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ።

ሽታው እውነት ነው። አፓርታማ ትንሽ ነው፤ ጭስ የሚወጣበት ጣሪያ የለውም። መፍትሔ ግን አለው። ስታቁላሉ የወጥ ቤቱን መስኮት ክፈቱ፣ ወደ መኝታ ቤት የሚወስደውን በር ዝጉ። የልጆችን ጃኬትና የትምህርት ቤት ቦርሳ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። እርጥብ ልብስ ወጥ ቤት አጠገብ አታስጡ፤ ሽታ ይጠጣልና። የሕንፃው ኮሚቴ፣ «ቫዓድ ባይት» የሚባለው፣ ቢያነጋግራችሁ በትሕትና ስሙ፣ መስኮቱን እንደምትከፍቱ ንገሯቸው። ምግባችሁን ግን አትተዉ። ሽታን መቀነስ አንድ ነገር ነው፤ በራስ ማፈር ሌላ ነገር ነው።

በጊቭአት ኦልጋ አንዲት እናት ነበሩ። የስድስተኛ ክፍል ልጃቸው በባንክ፣ በኩፓት ሆሊም፣ በመምህራን ስብሰባ ሁሉ ታስተረጉምላቸው ነበር። ልጅቱ ቀስ በቀስ እናቷን እንደማያውቅ ሕፃን ማየት ጀመረች። «ተዪው፣ አንቺ አታውቂም» ትላቸው ነበር። እናቲቱ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ሌላ ምክር ሳልሰጥ «ሐሙስ ማታ ማማሰያውን ለሷ ስጧት» አልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ስመለስ ልጅቱ ድስቱ አጠገብ ቆማለች። «አሁን ነው ውሃ ጠብ የማደርገው?» ብላ ጠየቀች። እናቲቱ «ገና ነው ልጄ፣ ድምፁን ስሚ» አሏት። ልጅቱም ዝም ብላ አዳመጠች። ያን ቀን በዚያ ቤት የሚያውቁት እናቲቱ ነበሩ።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአዲስ አገር ልጅ ቋንቋውን ከወላጁ ቀድሞ ይይዛል። ወላጅ በልጁ አንደበት ሲናገር ቦታቸው ይቀያየራል። ይህን በአንድ ቀን መመለስ አይቻልም። ነገር ግን በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በድስቱ ዳር፣ የሚያውቀው ወላጅ ነው፣ የሚማረው ልጅ ነው። ቁሌት ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ከድስቱ መራቅ አይቻልም፤ እጅ ያማስላል፣ አፍ ግን ነፃ ነው። ስለ ትምህርት ቤት ጠይቁ። ስለ ጎንደር ተርኩ። ወንዶች ልጆችንም አትተዉ፤ ነገ ለሠራዊት ሲሄዱና ብቻቸውን ሲኖሩ ይጠቅማቸዋል። አባቶችም መጥታችሁ ክተፉ፤ ያስለቀሰ እንደሆነ ሽንኩርቱ ነው ትላላችሁ።

የሚያስፈልግም ነው። የአሠራሩ መጽሐፍ በእናንተ እጅ ውስጥ ነው። ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ «ድምፁ ተለወጠ» ማለት ካልተማረ፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ ወጥ ሲናፍቅ በስልክ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ የድስቱን ድምፅ ግን በስልክ ማስተማር ያስቸግራል።

ጥንቃቄ

ልጅ ድስት አጠገብ ሲቆም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድስቱ እጀታ ወደ ግድግዳው ይዙር። ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ሽንኩርት ይላጥ እንጂ የጋለ ድስት አይያዝ። የተቁላላ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ይጣበቅና ከውሃ ይበልጥ ያቃጥላል። ከተቃጠለ የቃጠሎውን ቦታ በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያህል ያዙት፤ ቅቤ፣ ዱቄት ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ከባድ ከሆነ 101 ደውሉ፤ አምቡላንስ ነው። የእሳት አደጋ 102 ነው። የጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ጋዙን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከቤት ውጡ፣ ከዚያ ደውሉ። ሽንኩርት እሳት ላይ ጥዳችሁ ለስልክ ወይም ለጎረቤት ከወጥ ቤት አትውጡ።

እነዚህን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ከምድጃው አጠገብ ለጥፉ። አጠገቡም የልጃችሁን ስም ጻፉና «ሐሙስ ማታ፣ ቁሌት» በሉ። መልካም ሥራ፣ ሻባት ሻሎም።